አባባ ብቻቸውን ያስተካከሉት ካርቡራተር

ቡራዩ፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ዕቃ አመላላሽ ጎረምሳ ዶቅዶቄውን ደጃፉ ላይ አቁሞ ለማስነሳት ይታገላል። ትነሳለች፣ ታስላለች፣ ትጠፋለች። «ቤንዚን በዝቶባታል፤ ትንሽ ዝጋላት!» አልኩት ሳላስበው። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ነጠላ የለበሰች አሮጊት ስለ ካርቡራተር ስታወራ ማን ይሰማታል? እኔ ግን ጆሮዬ ሰበታ ደርሶ ነበር።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባባ ሰበታ ውስጥ፣ በጅማ መንገድ ዳር፣ ትንሽ ጋራዥ ነበራቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። አባባ ሙያውን በወጣትነታቸው ከጣሊያን መካኒኮች ተምረው እጃቸው የተዋጣለት ሆኗል። ችግሩ ጆሯቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጮህ ሞተር ላይ አጎንብሰው ኖረው መስማት ተሳናቸው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሞተር የሚስተካከለው በጆሮ ነው፤ መካኒኩ አይሰማም ከተባለ ማን ሞተሩን ያመጣላቸዋል?

ስለዚህ ዘዴ ነበረን። እሳቸው ቤንዚንና አየር የሚመጥነውን የካርቡራተሩን ብሎን በካቻቢቴ ሲያዞሩ፣ እኔ ከደንበኛው ጀርባ ቆሜ እጄን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ጨርቁን ወደ ቀኝ እጄ ካዛወርኩ ይከፍታሉ፣ ወደ ግራ ካዛወርኩ ይዘጋሉ። ድምፁ ሲያምር ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገዋለሁ። ከተጂ ገበያ እህል የሚያመጡት ነጋዴዎች «የሰውዬው ጆሮ ጉድ ነው» እያሉ ያደንቁ ነበር። እኔ በሆዴ እስቃለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ሱሉልታ የሚሠራ የከብት ክትባት ሠራተኛ መጣ። «አካም ጂርቱ፣ ኦቦ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው። አባባ ከንፈሩን አይተው «ፈያ» አሉ። አሮጌ ሞተሩ የእንጦጦ ዳገት ላይ እየለገመች አስቸግራዋለች፤ ከትልቅ ሞተር የተፈታ ካርቡራተር ይዞ ነበር። «ይቺን ይግጠሙልኝ። ሁለት ሰው ይዛ እንድትወጣ ነው የምፈልገው» አለ፣ እኔን እያየ። ዓይኔን መሬት ላይ ብጥልም ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ያቺ ሞተር በየሳምንቱ ትበላሽ ጀመር። አባባ እየሳቁ ይጠግኗታል። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ፤ እሳቸውም እሺ አሉ።

እኔን ግን ጭንቀት ያዘኝ። ወድጄዋለሁ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ግን እኔ ስሄድ ለአባባ ማን ይሰማላቸዋል? የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ጠጋ አልኩና ጆሯቸው ሥር ጮክ ብዬ «አባባ፣ ይቅርብኝ። አላገባም» አልኳቸው።

ተቆጡ። «እጄ ይሰማል! አንቺ ፊትሽን አዙሪና ቁሚ!»

ሙሽራዬ ወደ ሱሉልታ ለሚወስደን ጉዞ እንዲያዘጋጁለት ሞተሯን ትቶልን ሄዶ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በጎን ሳያቸው፣ አባባ መዳፋቸውን የቤንዚን ታንኳ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብሎኗን ቀስ እያሉ ብቻቸውን ያዞራሉ። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ ብርሃን ሽበታቸው ላይ አርፏል። ሞተሯ ግን ድምጿ ወፍራም ነው፣ ትንተባተባለች። ቤንዚን በዝቶባታል።

«እህስ?» አሉኝ። ስዞር ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በርቷል። እንዴት አድርጌ አይደለም ልበላቸው? ጨርቁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት።

በማግሥቱ፣ ሰው እየሳቀብን፣ ቬሎዬን ሰብስቤ ከሙሽራዬ ኋላ ተፈናጠጥኩ። ሚዜዎቹ በኪራይ መኪና ቀደሙን። አባባ በሩ ላይ ቆመው፣ ከዓይናቸው እስክንሰወር አልገቡም። ሞተሯ አዲስ አበባን እያሳለች አቋረጠችና እንጦጦ ዳገት አጋማሽ ላይ ጥቁር ጭስ ተፍታ ቀጥ አለች። ከፍታው ላይ አየሩ ይሳሳል፤ የበዛው ቤንዚን ጭራሽ አፈናት።

ባሕር ዛፉ ይንሿሿል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አጠገባችን ቆሙ። ሙሽራዬ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ሰጠኝ፤ እርጥብና ጥቁር ነበር። በነጭ መሐረቡ አደረቅኩት። ከዚያ ሰንጢውን ተቀብዬ፣ ቬሎዬን በጉልበቴ መሃል አጣብቄ፣ ድምጿ እስኪጠራ ብሎኗን አስተካከልኩ።

«ሙሽሪት፣ ገና ቤትሽ ሳትደርሺ ሥራ አስጀመሩሽ?» አለች አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ።

«ትናንት አልሰማሻትም ነበር?» አለኝ ሙሽራዬ፤ የጨርቁን ዘዴ ከደረሰበት ቆይቷል።

«ሰምቻታለሁ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ነፍሱን ይማረውና፣ ስለዚህም ጭምር ነው ዕድሜዬን ሙሉ የወደድኩት።

ለመልስ ተጠርተን ሰበታ ስንሄድ፣ ግብዣው ሲያበቃ አባባን ፍለጋ ወደ ጋራዡ ገባሁ። ሞተር አንድም የለም። በግድግዳው ጥግ የተነፈሱ ጎማዎች ተደርድረዋል። ሞተር መቀበል ትተው ጎማ መለጠፍ ጀምረው ነበር፤ ጎማ ጆሮ አይፈልግም። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«የሠርጋችሁ ቀን ከደጄ ስትነሱ፣ ያልነደደ ቤንዚን ሸቶኝ ነበር» አሉኝ።

ከንፈሬን እንዲያዩት ቀና አልኩ። «ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?»

«ብጠራሽ ትቀሪ ነበር።»