ለዚያ ልጅ ሌላ እናት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ስነሣ «ቁም» እንዳትሉኝ፤ ተቀምጬ ነው የምመሰክረው። ስሙ ይባረክ!

በልጅነቴ ልምሻ ሁለቱንም እግሬን ያዘኝ። ሐኪሙ አገላብጦ አየኝና አባቴን «እግሩ አይመለስም፤ ፊደል ያስተምሩት» አለው። ተማርኩ። በጃንሆይ ዘመን አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር፣ አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለሰው ደብዳቤ መጻፍና ማንበብ ሥራዬ ሆነ።

ከገለምሶ ቡና የጫኑ መኪናዎች በፊቴ ያልፋሉ። እኔም ፈዝዤ አብሬያቸው እወርዳለሁ። ሚኤሶ ደርሼ ባቡር እሳፈራለሁ፤ ባቡር አይቼ ግን አላውቅም! ለተሳፋሪው ሁሉ ስም አወጣለሁ፣ አንዷን ከባሏ አጣልቼ አስታርቃለሁ። ደንበኛ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው የምነቃው።

ሕልም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? በሰው ደብዳቤ ውስጥ ገባብኝ እንጂ። አዴ ሐሊማ የሚባሉ ከቦኬ ገጠር እየመጡ ቅቤ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ድሬዳዋ የሚሠራው ልጃቸው ሁልጊዜ የሚጽፈው ሁለት መስመር ነው፦ «እኔ ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚ።» አነሰብኝ! አዘንኩላቸው ብል ውሸት ነው፤ አፌን በልቶኝ ነው። «እማዬ፣ ነጭ ሻሽ አስረሽ በር ላይ ቆመሽ በሕልሜ አየሁሽ» እያልኩ የሌለውን አነበብኩላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየን።

ከወለጋ የመጣ አንድ የክሊኒክ ድሬሰር ጎረቤቴ ሆነና አንድ እሑድ አዝሎ ቤቱ ለጸሎት ወሰደኝ። ወንድሞች እጃቸውን ጭነው ስለ እግሬ ሲጮኹ፣ እኔ የታወሰኝ አፌ ነው! አልቅሼ ጌታን ተቀበልኩ። እግሬ አልተነሣም፣ ወገኖቼ። ልቤ ግን ተነሣ፤ ሃሌሉያ!

የደብዳቤውን ነገር ብናዘዝለት ድሬሰሩ «ለእናትየዋ ንገራቸው» አለኝ። ፈራሁ። እሳቸው ልጃቸውን፣ እኔም ሕልሜን የምናጣ መሰለኝ። በገበያ ቀን ሲመጡ ግን «አዴ፣ ያን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጅዎ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው» አልኳቸው።

የመጨረሻውን ደብዳቤ ከጉያቸው አወጡ። «እስቲ እሱን አንብብ» አሉ። አነበብኩ።

«ድገም።»

ደገምኩ። እንባቸው ወረደ። «ወላሂ፣ ልጄ ይሄ ነው! ልጄ ወሬ አያውቅም። ያንን ስታነብ ከተማ ቀየረው፣ ጠፋብኝ ብዬ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ያስደሰትኳቸው መስሎኝ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ቀምቻቸው ኖሬአለሁ!

ይቅርታ ለመንኳቸው። ቅቤያቸውን አንሥተው ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉና «ያ ያንተ ልጅ ግን ጥሩ ልጅ ነው። ለሱ ሌላ እናት ፈልግለት» አሉኝ።

በዚያው ቀን ደብተር አስገዛሁ። «ልብ ወለድ» ብዬ ከላይ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ስሜን። ለዚያ ልጅ እናት ፈጠርኩለት፤ ከዚያ ወዲህ መጻፍ አላቆምኩም። ተመስገን!

አንተ በር ላይ የቆምከው ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ለጌታ ብነግረው ይወስድብኛል ብላችሁ የደበቃችሁት ካለ እመኑትና ንገሩት። ከእኔ ውሸቴን ብቻ ወሰደ፤ ሕልሜን አጥቦ መለሰልኝ።