የሰጠችውን መልሳ ታያለች

አጎቴ አሰላ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ኖረው በዚህ ክረምት አረፉ። አንድ ልማድ ነበራቸው። የጎረቤት ወፍጮ ሲነሳ የሱቃቸው አምፖል ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ለቴሌቪዥኑ ኃይል የምትሰጠውን ፓወር ሰፕላይ በመለኪያ ይዘው «ሜ ኢላሊ! እስቲ እይ!» ይሉኝ ነበር። አምፖሉ ይዋዥቃል፤ የመለኪያው ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም። በየጊዜው እንደ አዲስ እገረም ነበር።

አንድ ቀን «እንዴት ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«ውስጧ ያለችው ማብሪያ ማጥፊያ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ጥቅል ሽቦውና ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ያንን ያለሰልሱታል። ደግሞም የሰጠችውን መልሳ ታያለች፤ ካነሰ ቆይታ፣ ከበዛ ፈጥና ትዘጋለች። አንተስ ልጆችህን ስትቆጣ መልሰህ ታያለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ኃይሉን ሲለቅ የት እንደ ደረሰ ማየት አለበት።

ትናንት ልጄ አምሽታ ገባች። ድምፄ ሲያይል ፊቷን አየሁና ዝቅ አደረግሁት።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለች።

ጠዋት ይህን ለአጎቴ ልነግራቸው ወደ ሱቃቸው ገሠገሥኩ። ሞታቸው ትዝ ያለኝ የተቆለፈው በር ላይ ስደርስ ነው። ወፍጮው ተነሳ፤ «ሜ ኢላሊ» የሚለኝ ግን የለም።