ለአራስ የተደበቀ መርዶ

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ጥናቷን በምታቀርብበት ሴሚናር ላይ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ርዕስ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ፤ «ለአራስ የሚደበቅ መርዶ» ይላል። ታሪኩን የነገርኳት እኔ ነኝ። የታሪኩ ባለቤት ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ትልቅ ግቢ ብቻዬን መግባት ፈርቼ፣ «አብረሽኝ ሁኚ» ብዬ ከኮልፌ ያመጣኋት ጎረቤቴ ናት።

ድሮ እናቷ አገር ቤት ሲሞቱ እሷ የሳምንት አራስ ነበረች። የሰፈር ሴቶች ተማክረን ልጁ ክርስትና እስኪነሳ መርዶውን ደበቅናት። በኋላ መርዶውን ስትረዳ «አንቺም ታውቂ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምዬ ካድኩ። እስከ ዛሬም እንደካድኩ ነኝ።

ልጄ ማይኩን ይዛ፣ «አንዲት እናት ለአራስ ጎረቤቷ በየቀኑ አጥሚት እየወሰደች ወር ሙሉ ዋሽታለች» አለች። ስም ባትጠራም ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እንዳላጣት ፈራሁ። ከሷ ሌላ እህት የለኝም።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ይቅር በይኝ፤ ወተትሽ እንዳይነጥፍ ብዬ ነው።»

«ሞኝ! ዓይንሽ አብጦ ስትገቢ ‹ጭስ ነው› ብለሽኝ የለ? አጥሚቱ እኮ በረዶ ነበር። እሳት ሳይነድ የምን ጭስ?»

«ታዲያ ስምል ለምን ዝም አልሽ?»

«ደብቀሽ ስታለቅሺልኝ ከርመሽ፣ ምን ብዬ ልጣላሽ?»

ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ ታክሲ ስንይዝ ክንዴን አልለቀቀችም። አልተቀየመችኝም፤ ጎረቤቴን አላጣሁም።