ንባቡን ይዤ፣ ትርጓሜው ሳይደርሰኝ

ከኮሶዬ የወጣሁበት ሌሊት አባቴ ማኅሌት ቆሞ ነበር። በከበሮው መሀል ድምፁ ይሰማኛል፤ እኔ ደግሞ ትንፋሼን ውጬ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አልፋለሁ። ድምፁ ከጠፋ ተከትሎኛል ማለት ነው ብዬ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ ነበር የምሄደው። ዝም ያለ በመሰለኝ ቁጥር አጥሩ ላይ እለጠፋለሁ።

እናንተ ሀገር ቤት ያላችሁ ፍርሃቴን ታውቁታላችሁ፤ ግዝት ያለብኝ ሰው ነበርኩና። አባቴ ቄስ ነው። ከልጆቹ የደቆንኩት እኔ ብቻ፤ እኔ ካልቀደስኩ የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ከቤታችን ይወጣል። ጎንደር እየወረድኩ የፈረንጅ ፊደል መቁጠሬን የሰማ ዕለት መስቀሉን አወጣና፣ «ይህን ደብር ጥለህ ብትሄድ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ» አለኝ። ግዝትን ደግሞ ያሰረው ካልፈታው ማን ይፈታዋል?

ፊደሉን ያስቆጠረኝ ቸኮል የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው፤ ገበያ በወረድኩ ቁጥር መጽሐፉን ይዘረጋልኛል። አንድ ቀን ጭራቸው አንድ የሆነ ቃላት ተሰልፈው አየሁና ልቤ ተነሣ፦ ናይት፣ ላይት፣ ራይት፣ ፋይት፣ ሳይት፣ ታይት። እንደ ቅኔ ቤት ይመታሉ። ሁሉም አራት ፊደል ከኋላቸው ይጎትታሉ፤ ከአራቱ ሁለቱ፣ ጂ እና ኤች፣ ተጽፈው አይነበቡም። ሰርግ ተጠርተው ሳይጎርሱ የሚመለሱ ይመስሉኝና ያሳዝኑኝ ነበር። እኔም በንባብ ቤት ደንብ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በቃሌ ያዝኳቸው።

በመተማ አልፌ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። ኮሶዬ ጋቢ ደርበን እንንዘፈዘፋለን፤ እዚህ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። ኪስራ የሚሉት ስስ ነገር አለ፤ እንጀራ ነው ብላችሁ ስትጎርሱት ሆዳችሁ ይባባል እንጂ እንጀራስ አይደለም።

የስደተኛ ጉዳይ የሚያየው ሹም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ካገኘ ለሆስፒታል ሥራ ያስቀራል፤ የማያውቀውን ወደ ድንበር ይመልሳል። ከፊቴ የነበሩት ያገሬ ልጆች ዓይኔ እያየ በጭነት መኪና ተጫኑ። እኔ ብመለስ የምገባው ግዝቴን ተሸክሜ ነው፤ የተገዘተ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባ፣ ሰው ማዕድ አይቀርብ።

አስተርጓሚው አያ ደምሴ የሚባሉ የጭልጋ ነጋዴ ነበሩ። ሹሙ እንግሊዝኛ ታውቃለህ ወይ ብሎ አስጠየቀኝ፤ አውቃለሁ አልኩ። እስቲ አሰማኝ አለ። እጄን አጣምሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በንባብ ዜማ ለቀቅኩት፦ ናይት፣ ላይት፣ ራይት። በቃ ብሎ እጁን ቢያነሣም መሀል ላይ ማቋረጥ ስላልተማርኩ እስከ ታይት ድረስ ወረድኩ።

ትርጉሙን ጠየቀኝ።

«ትርጓሜው አልደረሰኝም» አልኩ።

አያ ደምሴ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምነው ልጄ፣ የማታውቀውን አውቃለሁ ትላለህ?»

«አያ ደምሴ፣ ንባብ ሳይጠና ትርጓሜ ይኬዳል እንዴ? ትርጓሜው ሌላ ቤት፣ ሌላ መምህር ነው።»

እንዳለ አስተረጎሙለት። ሹሙ ማኅተሙን በእጁ ያገላብጣል። እኔ መኪናው ሞተሩን ሲያስነሣ እሰማለሁ። በመጨረሻ አንገቱን ነቅንቆ አንድ ነገር አለ፤ አያ ደምሴም ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ለካ ሹሙ በልጅነቱ ቁርአኑን በሰሌዳ እየጻፈ በቃሉ የያዘው ትርጉሙን ሳያውቅ ኖሯል። «እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት፤ መምህርህ ሆስፒታሉ ይሁን» ብሎ መታልኝ።

ትርጓሜውን ወለል እያጠብኩ ደረስኩበት። ላይት መብራት ነው፤ አጥፋ ሲሉኝ ገባኝ። ታይት ጠባብ መሆኑን ያስተማረኝ የተከራየሁት ክፍል ነው፤ እግሬን ልዘረጋ በሩን መክፈት ነበረብኝ። አከራዬን ብነግረው፣ ታዲያ ማን ተጋደም አለህ፣ ተቀመጥ አለኝ።

ኋላ ወደ ካርቱም ተዛወርኩ፣ ሥራውም ደሞዙም ተስተካከለ፤ ግዝቱ ግን አልለቀቀኝም። ካርቱም ባለችን ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ደጅ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ከብዙ ዓመት በኋላ ቸኮል አባቴን ለምኖ ጎንደር ስልክ ቤት አወረደልኝ። እኔም ካርቱም ስልክ ቤት ተራዬ ደርሶ መስመሩ በአሥመራ ዞሮ ሲገባ ባርኔጣዬን አወለቅኩና አንገቴን ደፋሁ።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አልኩ።

በሚንሿሿው ሽቦ ውስጥ፣ ጤና ነህ ወይ አለኝ። ጤና ነኝ አልኩ።

«ሸጋ» አለ። «ይፍታህ የሚባለው መስቀል ራስ ላይ አሳርፎ ነው። በሽቦ እንዴት አድርጌ ላሳርፍልህ? ራስህን ይዘህልኝ ና፣ እፈታሃለሁ።»

«መሬቱስ፣ አባ?»

«መሬቱማ ሄደ። ለመሬት አይደለም የምጠራህ፤ ዓይኔ እየደከመ ነው።»

እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም። እመጣለሁ ልል አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ትከሻዬን እስኪነኩኝ ድረስ እንዳጎነበስኩ ቆምኩ።