ከምሽግ ያወጣኝ ሸማኔ

ትእዛዙ የደረሰን አመሻሽ ላይ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ከፊታችን ያለውን ኮረብታ እንድንይዝ። ቡድናችን ዘጠኝ ሰው ነበር። እኔ የቁስቋም ልጅ ነኝ፤ ዘለቀ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። የጉለሌ ጎረቤት ሰፈር ልጆች ሆነን ሳለ የተዋወቅነው ግን ጦር ሜዳ ነው።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ምሽጉ ውስጥ ከአፈር በቆረጥነው መደብ ላይ ተቀመጥን። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በእጄ ብጫነው አልቆም አለ። ውጡ ሲባል መነሳት እንደማልችል ታወቀኝ። እኔ ከቀረሁ ደግሞ ጓዶቼ በእኔ በኩል ይጋለጣሉ፤ ከሞት ይልቅ ያ አስጨነቀኝ።

ጎንበስ ስል የዘለቀም እግር ይንቀሳቀሳል፤ ግን በሥርዓት፣ ግራ፣ ቀኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሽመና ላይ ነኝ» አለኝ። «እኛ ሸማኔዎች ጉድጓድ ውስጥ እግራችንን ሰደን ነው የሽመናውን መርገጫ የምንረግጠው። እግርህ እንቢ ካለህ ሥራ ስጠው። አብረኸኝ እርገጥ።»

«ፈርቻለሁ እኮ።»

«ፍርሃት አትበለው። ሰውነቴ ለሩጫ እየተሟሟቀ ነው በል፣ በቃ።»

አፈሩን ረገጥሁ፤ ግራ፣ ቀኝ። ልቤ በኃይል መምታቱን አልተወም፤ ትንፋሼ ግን ከእግሬ ጋር መሄድ ጀመረ። ፊሽካ ተነፋ። ሁላችንም ወጣን። ተኩስ ከቀኝ መጣ። ተኛን፣ ተነሳን፣ ሮጥን። ረፋድ ላይ ኮረብታውን ያዝን።

አሁን ሴት ልጄ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ባለ ኮሌጅ ሥነ ልቦና ትማራለች። ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ምሁራኑ አልተስማሙም አለችኝ።

«አንዳንዶቹ ሰው የሚፈራው ሰውነቱ ስለተንቀጠቀጠ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ሁለቱ እኩል ይመጣሉ ባይ ናቸው። ሰውነት ይናወጣል፣ ስም የሚያወጣለት አእምሮ ነው የሚሉም አሉ።»

ክርክራቸው ደስ ይለኛል፤ ማን እንደሚረታ ግን እኔ አልፈርድም። የማውቀው ያንን አንድ ጠዋት ነው። በዘለቀ መላ ውስጥ እግርም ነበረ፣ ሐሳብም ነበረ።

ከዘጠኛችን አራቱን እዚያው ቀበርን። ዘለቀ አንዱ ነው። እኔ ተርፌ ትዳር ያዝሁ፣ ልጅ አሳደግሁ። ሌሎቹም የተረፉት አርጅተው ልጆቻቸውን ዳሩ። ያን ጠዋት እግሬ ባይነሳ ማናችንም አንተርፍም ነበር፤ ለዚህ ዕድሜ ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግነው ዘለቀን ነው።

ይህን ስነግራት ልጄ እጄን ያዘችኝ።

«አባዬ፣ እየተንቀጠቀጥክ ነው። ፍርሃቱ ተመለሰብህ?»

«አይ ልጄ» አልኳት። «ይሄኛው ምስጋና ነው።»