የውሃ ተራ

ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ የሸዋሮቢት ፀሐይ መንገዱን ባዶ ስታስቀረው፣ ሽማግሌው ወደ ሆቴሉ ይገባሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ሩዋይዳ ስማቸውን አታውቅም። የምታውቀው ውሃ እንደሚሻገር ሰው ከፍ አድርገው የሚታጠቁትን ሽርጥ፣ አካፋ ያሻከረውን መዳፋቸውንና ግንባራቸው ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ ነው።

ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከመስታወቱ ገንዳ ፊት ነው። ዲስከስ የሚባሉት፣ ሰሃን የመሰሉ ዓሦች በውሃው ሣር መካከል እንቅልፍ እንዳሸነፈው ሰው ቀስ ብለው ይዞራሉ። ፓምፑ የገንዳውን ውሃ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ውሃውም ግድግዳውን ባለበሱት ተክሎች ሥር ለሥር እየተንጠባጠበ ተመልሶ ገንዳው ይገባል። አረንጓዴው ብርሃን ነጭ ጢማቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የውሃውን ድምፅ ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ልጄ፣ ያቺ ግርጌ ያለችው ተራዋ አልደረሳትም» አሉ።

ሩዋይዳ ሄዳ ብታይ፣ ግርጌው ጥግ ላይ ያለችው ተክል ጠውልጋለች። የላይኞቹ ሥር መውረጃውን ዘግቶባታል።

«እንዴት አወቁ፣ አባባ?»

«ከላይ ያለው ብቻውን ሲጠጣ ድምፁ ይለወጣል። ስንት ዘመን ለገበሬ ውሃ አካፍያለሁ።»

ተነሥተው ሥሩን በጣታቸው ፈልቀቅ አደረጉት። ውሃው ወደ ግርጌ ወረደ።

«ከእሷ የተረፈውስ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ወደ ዓሦቹ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል» አለች ሩዋይዳ።

እጃቸው ወደ ጠባሳው ሄደ።

«ያለ ጠብ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ሱብሃነላህ! ምነው በውሃ ተራ የተጣላኝ ወንድሜ ይህን ባየው ኖሮ።»