ፍሪጁን የሚጠብቅ ጠፋ

ነፍሱን ይማረውና፣ አጎቴ ላቦራቶሪ ሲሠራ መብራት በጠፋ ቁጥር ወንበሩን ፍሪጁ በር ላይ ገትሮ ማንንም አያስከፍትም ነበር። ውስጡ ከባክቴሪያ የሚወጣ ኢንዛይም አለ፤ ሲበዛ የሕፃን አእምሮ የሚያበላሸውን አሚኖ አሲድ ደም ውስጥ ይለኩበታል።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ሙቀት ነክቶት ሲሞት አይሸትም፤ ሁሉንም ሕፃን ጤነኛ ነው ይላል» ይለኝ ነበር።

ትናንት የሕፃን ልጄን የደም ምርመራ ውጤት ልቀበል እዳጋ ሓሙስ፣ አጎቴ ይሠራበት ወደነበረው ላቦራቶሪ ወረድኩ። መብራት እንደልማዱ ጠፍቷል። አጎቴ የሚቀመጥበት ቦታ የለስላሳ ሳጥን ተቆልሎበታል። ቀብሩ ላይ ደረቱን ሲደቃ የነበረው ተተኪው ፍሪጁን ከፍቶ የለስላሳ ጠርሙስ ይመርጣል።

«ዝጋው እንጂ፣ አንተ!»

«ሐዘንተኛ ነህ ብዬ ነው የታገስኩህ። ደግሞ ልጅህ ጤነኛ ናት፤ ምን ያስቆጣሃል?»

ቤት ስገባ ሕፃኗን ያቀፈችው ሚስቴ ውጤቱን ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። ልጃችን ግን አልደነገጠችም፤ ዞራም አላየችን።